ለከሠሩ ፊልሞች የቀረበ ይግባኝ

ባለፈው ሰኞ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ የማኅበራችን የፊልም ኮሚቴ አንድ ወረቀት ለጥፎ ነበር። ቃሉ ባጭሩ ሲነገር፥ ከእንግዲህ ወዲህ ዐርብ ማታ በአዳራሹ የሚታየው ፊልም ሁሉ በወጣበት ጊዜ ጥሩ ገንዘብ ያስገኘና ስሙ የታወቀ እንዲሆን ተወስኗል የሚል ነው። ለዚህ ውሳኔ ምክንያት የሆነውም ከሦስት ሳምንት በፊት የታየው «የአዳኙ ሌሊት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት መቶ ወንበር ባለው አዳራሽ ሠላሳ አንድ ሰው ገባ፤ ከሠላሳ አንዱም ዘጠኙ ፊልሙ ሳያልቅ ወጡ። የተገኘው ገንዘብ ለዘበኛውና ለመሣሪያው ኪራይ እንኳ አልበቃም።

ይህን የምንጽፈው ስድስት ተማሪዎች ኮሚቴውን ለመውቀስ አልተነሣንም። ገንዘብ ያዡ ወንድማችን ደብተሩን ገልጦ ኪሣራውን ሲያሳየን የተናገረው እውነት ነው፤ የማኅበሩም ሣጥን በየወሩ እንደሚሣሣ እናውቃለን። እንዲያውም አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ሳያልቅ ጥለው ከወጡት ከዘጠኙ ሁለቱ ከእኛው መካከል ናቸው። አንደኛው እራት እንዳያመልጠው ብሎ ነው፤ ሁለተኛው ግን «ይህ የልጆች ተረት ነው፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ተረት ለመስማት አይደለም» ብሎ ነው የወጣው። በማግሥቱ ቁርስ ላይ የቀረነው አራታችን ስለዚያው ፊልም ስንጨቃጨቅ ሁለቱ ነገሩ ከነከናቸውና በአንድ ጓደኛችን ኮምፒዩተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዩት። ሁለቱ ሕፃናት በሌሊት በትንሽ ጀልባ ሆነው ወንዙን ሲወርዱ፥ በዳር በኩል የሸረሪት ድር፥ እንቁራሪትና ጥንቸል ከካሜራው ፊት ገዝፈው ከሚታዩበት ስፍራ ሲደርስ፥ ተረት ነው ያለው ወንድማችን ንግግሩን አቆመ። እስኪያልቅም ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም። ይህን ጽሑፍ እንጻፍ ብሎ አስቀድሞ ያሳሰበውም እርሱ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ኮሚቴው በአንድ ምሽት ሒሳብ የፈረደበት ይህ ፊልም ከዚያ በፊትም በሌላ አገር እንዲሁ ተፈርዶበት እንደ ነበረ እንዲያውቁልን እንወዳለን። ፊልሙ የወጣው በ1955 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያዘጋጀው ቻርልስ ሎተን የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን በተዋናይነቱ እጅግ የታወቀ፥ የኦስካር ሽልማትም ያገኘ ሰው ነበር፤ ፊልም ሲያዘጋጅ ግን የመጀመሪያው ነው። ሮበርት ሚቸም በአንድ እጁ ጣቶች ላይ «ፍቅር»፥ በሁለተኛው እጁ ጣቶች ላይ «ጥላቻ» የሚል ንቅሳት ያለው ሐሰተኛ ሰባኪ ሆኖ፥ አባታቸው ደብቆት የሞተውን የስርቆት ገንዘብ ለማግኘት ሁለት ሕፃናትን ያሳድዳል። በዚያን ጊዜ የሆሊውድ ኩባንያዎች ቴሌቪዥን ተመልካቹን ከቤቱ እንዳያስቀርባቸው በመስጋት በቀለምና በሰፊ መጋረጃ ላይ ገንዘባቸውን ያፈስሱ ነበር። ሎተን ግን በጥቁርና ነጭ፥ ድምፅ አልባው ሲኒማ በነበረበት ዘመን እንደተለመደው ረዣዥም ጥላ በግድግዳው ላይ እየጣለ ሠራው። ሕዝቡ አልመጣም፤ አብዛኞቹ ጋዜጠኞችም አላመሰገኑትም። ሎተን ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1962 ድረስ ሌላ ፊልም አላዘጋጀም። ሁለተኛው ፊልሙ ምን ሊመስል ይችል እንደ ነበር የሚነግረን የለም፤ ይህ ነው ከኪሣራው ሁሉ የሚያሳዝነን።

በ1992 ግን የአሜሪካ የምክር ቤት መጻሕፍት ቤት ይህንኑ ፊልም ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከተመረጡት ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገባው። በ2008 ደግሞ ካዬ ዱ ሲኔማ የተባለው የፈረንሳይ መጽሔት የፊልም ዐዋቂዎችን ጠይቆ የአንድ መቶ ፊልሞች ዝርዝር ሲያወጣ አንደኛ የሆነው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ነበር፤ በሁለተኛነት እኩል ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ደግሞ «የአዳኙ ሌሊት»ና የዣን ሬኗር «የጨዋታው ሕግ» ናቸው። ገንዘብ ያዡ ወንድማችን ይህን ልብ ብሎ እንዲያነብልን እንለምነዋለን፤ ሦስቱም በወጡበት ጊዜ የከሠሩ ናቸው። በአዲሱ ደንብ መሠረት ከሦስቱ አንዱ እንኳ በአዳራሻችን ሊታይ አይችልም።

እንዲህ ከሆነ የቲኬቱ መስኮት የሚመዝነው ምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን የሚመዝነው ፊልሙ በወጣበት በዚያ ሳምንት ስንት ሰው ከቤቱ እንደ ተነሣ ነው። ይህም በብዙ ነገር ይወሰናል። «ሲቲዝን ኬን» በ1941 ሲወጣ በታሪኩ የተነካ የመሰለው ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት የተባለው የጋዜጦች ባለቤት ጋዜጦቹ ስለ ፊልሙ አንዳች እንዳያነሡ አደረገ፤ ብዙ ሲኒማ ቤቶችም ጠብ ፈርተው ሳያሳዩት ቀሩ። ሰው ያላየውን ፊልም ሰው አልወደደውም ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? «ብሌድ ራነር» የተባለውም በ1982 የወጣው የስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ. ቲ.» አገሩን ሁሉ በያዘ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከሌላ ዓለም የመጣውን ደግ ፍጥረት አይቶ በደስታ ያለቀሰ ሕዝብ፥ ዝናብ የማያባራበትን የጨለመ ከተማ ለማየት ብዙም አልቸኰለም።

ሒሳቡም ራሱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በመስኮቱ የሚገባው ገንዘብ ሁሉ ለፊልሙ ባለቤት አይደርስም፤ በግምት ግማሹ በሲኒማ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፤ ከተረፈውም ላይ ለአከፋፋይና ለማስታወቂያ ይከፈላል። በ1994 የወጣው «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን» የተሠራው በሃያ አምስት ሚሊዮን ዶላር ነው። መጀመሪያ ሲታይ ያስገባው ዐሥራ ስድስት ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር፤ ለሰባት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ እንደገና በታየ ጊዜ ድምሩ ወደ ሃያ ስምንት ሚሊዮን ደረሰ፤ ይህም ቢሆን ከላይ እንዳልነው አተረፈ አያሰኝም። ከሰባቱ ሽልማቶች አንዱንም አላገኘም። በማግሥቱ ዓመት በቪዲዮ ካሴት ሲከራይ ግን ሰው እየተቀባበለ ተመለከተው፤ ከ1997 ጀምሮም በቴሌቪዥን ደጋግሞ ታየ። ዛሬ ከእኛ መካከል ይህን ፊልም ያላየ ተማሪ ቢገኝ እናደንቀዋለን። ኮሚቴው ራሱ አምና ሁለት ጊዜ አሳይቶት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በወጣበት ጊዜ የከሠረ መሆኑን ኮሚቴው ዐውቆ ኖሮ ይሆን?

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያስቀን የፍራንክ ካፕራ «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ» («ሕይወት እንዴት ድንቅ ናት» እንደ ማለት ነው) ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚያወራው በአንዲት ትንሽ ከተማ የቁጠባና የብድር ቤት ስለሚያስተዳድር ደግ ሰው ነው። በፈረንጆች ገና ዋዜማ ስምንት ሺህ ዶላር ከሒሳቡ ጠፍቶበት ከድልድይ ላይ ራሱን ሊወረውር ሲል አንድ መልአክ ይደርስለትና እርሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማይቱ ምን ትመስል እንደ ነበር ያሳየዋል። በ1946 መጨረሻ ሲወጣ ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ነበር፤ ያከፋፈለው አር. ኬ. ኦ. የተባለው ኩባንያ በመዝገቡ 525,000 ዶላር ኪሣራ ጻፈበት። ስለ ጎደለ ሒሳብ የተሠራ ፊልም ሒሳቡ ጎደለ ማለት ነው። ካፕራ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ራሱን ለመቻል ያቋቋመው ሊበርቲ ፊልምስም ብዙ ሳይቈይ በ1947 ለፓራማውንት ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላሰበበትም። በአሜሪካ ሕግ የፊልሙ የባለቤትነት መብት ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ መታደስ ነበረበት፤ በ1974 በስሕተት ሳይታደስ ቀረ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይህን ሲያውቁ፥ ለፊልሙ ኪራይ የሚከፈል ነገር ስለሌለ ብቻ በየገናው ያሳዩት ጀመር። ነጻ ስለሆነ ታየ፤ ስለታየም ተወደደ። ዛሬ በአሜሪካ አገር ይህ ፊልም የማይታይበት ገና የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ ፊልሙ በ1946ም በ1976ም ያው አንድ ፊልም ነው፤ አንዲት ፍሬም እንኳ አልተለወጠበትም። የተለወጠው በሰው ፊት የመቅረቡ ዕድል ነው።

«ጥሩ ፊልም ከሆነ ዛሬ ባይታይም ጊዜ ያወጣዋል፤ ስለምን እኛ እንደክማለን?» የሚል መልስ ከአንድ የኮሚቴው አባል ሰምተናል። ይህ አነጋገር ለጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጊዜ እጅና እግር የለውም። ፊልም ካልተጠበቀ ይበሰብሳል፤ ይቃጠላል፤ ቦታ ያጣብባል ተብሎም ይጣላል። በ2013 የአሜሪካው የምክር ቤት መጻሕፍት ቤት ባወጣው ጥናት እንደ ተገለጸው፥ በዚያ አገር በድምፅ አልባው ሲኒማ ዘመን ከተሠሩት ዐሥራ አንድ ሺህ ያህል ረዣዥም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መልካቸው የተገኙት ከመቶ ዐሥራ አራቱ ብቻ ናቸው። በጠፉት መካከል ስንት «የአዳኙ ሌሊት» እንዳለ ጊዜ ሊያወጣልን አይችልም።

የሬኗርን «የጨዋታው ሕግ» ለዚህ ምስክር እናቀርባለን፤ ነገሩ ትንሽ ረዘም ስለሚል አንባቢ ይታገሠን። ፊልሙ በፓሪስ የታየው በ1939፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ነው። በፈረንሳይ እስከዚያን ጊዜ ከተሠሩት ሁሉ ብዙ ገንዘብ ከወጣባቸው ፊልሞች አንዱ ነበር። የሚያሳየውም መኳንንትና ባለጸጎች በአንድ የገጠር ቤተ መንግሥት ተሰብስበው ጥንቸልና ወፍ ሲያድኑ፥ ሲጨፍሩ፥ የሰው ሚስት ሲያባብሉ፥ አሽከሮቻቸውም በታችኛው ቤት እንደ ጌቶቻቸው ሲያደርጉ ነው። በመጨረሻ አንድ ሰው በጥይት ይሞታል፤ እነርሱ ግን ነገሩን «አሳዛኝ አደጋ» ብለው አለባብሰው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ተመልካቹ ራሱን በመስታወት ያየ ያህል ተቈጣ፤ ጮኸ፤ አፏጨ። ሬኗር ኋላ እንደ ተረከው አንድ ሰው ጋዜጣ ለኵሶ አዳራሹን ሊያቃጥል ሞክሮ ነበር። ሬኗርም ደንግጦ ሕዝብ ያልወደደውን ስፍራ ሁሉ በገዛ እጁ ከዐሥር ደቂቃ በላይ ቈረጠ። ይህም አላዳነውም። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ መንግሥት የሕዝብን መንፈስ ያዳክማል ብሎ ከለከለው፤ በ1942 ደግሞ ዋናው ኔጋቲቭ የተቀመጠበት ቤት በአውሮፕላን ቦምብ ተመታና ኔጋቲቩ ጠፋ። ፊልሙ አበቃለት ተባለ።

በ1950ዎቹ ሁለት የፊልም ወዳጆች የፊልሙን መብት ገዝተው፥ ከቦምቡ የተረፈ ነገር ይኖር እንደሆነ ሲፈልጉ ከሁለት መቶ በላይ ሣጥን ቁርጥራጭ አገኙ። ከሬኗርም ጋር እየተማከሩ ቁርጥራጩን በቁርጥራጭ ላይ ቀጥለው የ106 ደቂቃ ፊልም አደረጉት፤ ይህም ሬኗር በመጀመሪያ ለሕዝብ ካቀረበው የበለጠ ነው። በ1959 በቬኒስ በዓል ታየ። የሃያ ዓመት ጥላቻ የተሻረው ጊዜ ስላለፈ ብቻ ይመስላችኋልን? ሁለት ሰዎች አቧራ ውስጥ ገብተው ሣጥን ባይፈቱ ኖሮ ዛሬ ስሙን ከነወቀሳው እናነብ ነበር እንጂ ፊልሙን አናየውም ነበር።

የከሠረ ፊልም ሁሉ የተደበቀ ወርቅ ነው አንልም። እንዲህ ብንል ራሳችንን መሳቂያ እናደርጋለን፤ አብዛኛው የከሠረ ፊልም የከሠረው ስለማይረባ ነው፤ ካየናቸውም መካከል ሁለተኛ ቀርቶ አንደኛውን ጊዜ ያልታገሥናቸው ብዙ ናቸው። ይግባኝ ማለት ነገሩ እንደገና ይመርመር ማለት እንጂ ተከሳሹ በነጻ ይለቀቅ ማለት አይደለምና፥ በአንዱ ፊልም እኛ ስድስታችንም እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ይኸውም የማይክል ቺሚኖ «ሄቨንስ ጌት» ነው። በ1980 ወጣ፤ አርባ አራት ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በአሜሪካ ያስገባው ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ነው። የ219 ደቂቃው ፊልም በኒው ዮርክ በአንድ ሳምንት ከመጋረጃ ወረደ፤ ኋላም ተቈርጦ በ149 ደቂቃ ታየ፤ ያም አልሆነም። በ1919 ቻርሊ ቻፕሊንና ጓደኞቹ ያቋቋሙት ዩናይትድ አርቲስትስ በ1981 ለኤም. ጂ. ኤም. ተሸጠ። በ2012 ርዝመቱ ወደ ቀድሞው ተመልሶና ታድሶ በቬኒስ ሲታይ ግን በጭብጨባ ተቀበሉት።

ሦስታችን ከብት አርቢ ቱጃሮች በድኻ ስደተኞች ላይ ነፍሰ ገዳይ የሚቀጥሩበትን ይህን ታሪክ፥ በተለይም መንደርተኛው ሁሉ መንኰራኵር ባለው ጫማ በአዳራሹ የሚጨፍርበትን ስፍራ፥ ከታላላቆቹ ጋር እንቈጥረዋለን። ሁለታችን አንድ ሰዓት ቢቀነስለት ምንም አይጎድልበትም እንላለን። ስድስተኛዋ እኅታችን ደግሞ በሥራው ጊዜ በእንስሳት ላይ ደረሰ ስለተባለው ጉዳት ያነበበችውን ልትረሳ ስላልቻለች፥ ጭብጨባው አላስደሰታትም። እኛም ልናስገድዳት አልወደድንም። ነገር ግን ስድስታችንም የምንከራከረው አይተነው ነው፤ አርባ አራት ሚሊዮኑ የማን ኪሣራ እንደ ሆነ ጠይቀን አይደለም።

ከአገራችን ልጅም ሥራ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን በ1993 ባወጣ ጊዜ ስለ ባርነት በባሪያዎቹ ዐይን የሚናገረውን ይህን ፊልም የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበልም አሉት። አከፋፋይ ከሌለ በተራው ሥርዓት የቲኬት መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ ደግሞ በመዝገቡ የሚጻፈው ዜሮ ነው። እርሱና ባልንጀሮቹ ግን በዋሺንግተን ሲኒማ ቤት በራሳቸው ገንዘብ ተከራይተው አሳዩት፤ ሕዝቡ ተሰልፎ ገባ፤ ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ በየማኅበሩ እየተጠራ ዞረ። በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ቀረበ። ይህን ያነሣነው «ሕዝብ አይፈልገውም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሕዝቡ ሳይጠየቅ መሆኑን ኮሚቴያችን እንዲያስብበት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊትም ማስታወቂያው የተለጠፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፥ ያውም በካፍቴሪያው ጀርባ በኩል ነበር። ዐርብ ጧት ደግሞ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ ፈተና ነበረባቸው።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። ከወሩ አራት ዐርብ ሦስቱን ኮሚቴው እንደ ወሰነው ገንዘብ ባስገኙት ፊልሞች ይያዘው፤ እኛም መጥተን እናያለን፥ እንስቃለን። አራተኛው ዐርብ ግን ለከሠሩት ይተውልን። ማስታወቂያውን እኛ እንጽፋለን፤ ከሳምንት በፊትም በዋናው በርና በየመኝታ ቤቱ እንለጥፋለን። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ከመካከላችን አንዱ ከዐሥር ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ስለ ፊልሙ ታሪክ ይናገራል። ወጪው ካልተሸፈነ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ የጎደለውን ስድስታችን ተካፍለን እንከፍላለን፤ ይህንንም ፈርመን ለገንዘብ ያዡ ሰጥተነዋል።

መጀመሪያ እንዲታይ የመረጥነው ያንኑ «የአዳኙ ሌሊት»ን ነው። በቲኬት መሸጫው የሚቀመጡት ባለፈው ጊዜ ጥለው የወጡት ሁለቱ ወንድሞቻችን ናቸው፤ ከዘጠኙ የቀሩት ሰባቱ ተመልሰው ከመጡ ያለ ክፍያ እንዲያስገቧቸው ተስማምተናል።